የሰዓዳ ረድፍ

ሰዓዳ ይመር የሰፈራችንን ቅሬ አባወራ ሁሉ በኮምፒውተር ጽፋ የራሷን ስም ሳትጽፍ የቀረች ሴት ናት። ይህን ዓመታት ሙሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ምሥጢር መያዝ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ምስጋናው እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያወራል፤ የሰማሁትን ደግሞ ለሚቀጥለው ደንበኛ ካላወራሁ ሥራው አይገፋልኝም። ታዲያ ይህችን አንዲት ነገር አፌን እየበላኝ ይዤ መቆየቴ ቀላል ስላልሆነ፣ ከእርሷ ታሪክ ጋር የእኔም ትዕግሥት ቢነገርልኝ ደስ ይለኛል።

ሱቃችን ሐይቅ ከተማ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። አንድ ሱቅ ነው፤ በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍሏል። በእኔ በኩል የስፌት መኪናዬ፣ በእሷ በኩል ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ። መብራት ሲጠፋ፣ እኛ ጋ ደግሞ መጥፋት ልማዱ ነው፣ እሷ እጇን አጣጥፋ በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉራለች፤ እኔ መኪናዬ በእግር የምትሄድ ስለሆነች መስፋቴን እቀጥላለሁ።

«ጋሼ፣ ያንተ መኪና ከእኔ ትሻላለች» ትለኛለች በኮምፔርሳቶው አሻግራ።

«ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር መግዛት ነበረብሽ?» እላታለሁ። ያኔ ትስቃለች፤ ስትስቅ ኮምፔርሳቶው ይነቃነቃል።

የአምባሰል ልጅ ናት፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። አባቷ ገበሬ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ደሴ ሄዳ የኮምፒውተር ጽሕፈት ተማረችና ውጫሌ ተመልሳ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነች። አግብታም ነበር፤ ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ስለ ፍቺው አንድ ቀን ብጠይቃት፣ «እሱ መንገድ ይወዳል፣ እኔ ቤት እወዳለሁ፤ ሌላ ጠብ አልነበረንም» ብላ ዘጋችው። ሐይቅ የመጣች ዕለት ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ታቅፋ ከአውቶቡስ ስትወርድ አየኋትና ሕፃን መስሎኝ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። «ቀስ ጋሼ፣ ጭንቅላቱን ያዝልኝ» አለችኝ። ትውውቃችን ይኸው ነው።

ይህ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ለውጥ መጣ ተብሎ ሰዉ ሁሉ መደመር መደመር የሚልበት ጊዜ። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ነበር። ሴቱ፣ ወጣቱ፣ የባጃጅ ነጂው፣ ሁሉም እንደገና ተደራጅ ይባላል። በዚያ ሰሞን የቅሬያችን ዳኛ ሐጂ ዘይኑልአቢዲንም «እኛስ ለምን አንደራጅም?» ብለው ወደ ሰዓዳ ሱቅ መጡ።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው፤ መቃብሩ ይለያያል እንጂ ቆፋሪው አይለያይም። ሰው ሲሞት ማን ይቆፍራል፣ ማን ድንኳን ይተክላል፣ ማን ዳቦ ይጋግራል፣ ሁሉም በተራ ነው። ለሠርግም ተራ አለ። ይህን ሁሉ ሐጂ በጭንቅላታቸው ይዘው ኖረዋል፤ አሁን ግን መርሳት ጀምረዋል። ያን ክረምት ለአንድ ለቅሶ ሦስት ድንኳን ተተክሎ ዳቦ የጋገረ ሰው ጠፋ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር እዚህ ሳጥን ውስጥ ይገባል ወይ?» አሉ፣ ኮምፒውተሩን በከዘራቸው እየጠቆሙ።

«ይገባል ሐጂ። አብሽሩ።»

እንዲህ አደረገችው። ኤክሴል በሚሉት ነገር ላይ አንድ ሺት ከፈተችና «አባወራ» ብላ ሰየመችው። የሰው ስም በሙሉ እዚያ ገባ፤ በየረድፉ፣ አንዱ ከአንዱ በታች፣ ልክ እንደ ቤቶቻችን አቀማመጥ። ከዚያ ሌሎች ሺቶች አከለች፤ ቀብር፣ ድንኳን፣ ምግብ፣ ሠርግ። እኔ በኮምፔርሳቶው ጠርዝ አንገቴን አስግጌ አያለሁ።

«ይህን ሁሉ ስም በየሺቱ ልትጽፊው ነው?»

«አንዴ ነው የምጽፈው። ና እየው።»

ምግብ በሚለው ሺት ላይ አንዱን ሳጥን ነካች፤ የእኩል ምልክት መታች፤ ወደ አባወራው ሺት ተመልሳ የእኔን ስም ነካችና ኢንተር አለች። ምግቡ ላይ «ምስጋናው» የሚል ወጣ። እዚያ ማንም አልጻፈውም፤ ከወዲያኛው ሺት ተስቦ የመጣ ነው። «አሁን እዚያ ስምህን ባስተካክለው እዚህም ራሱ ይስተካከላል» አለችና አባወራው ላይ «ምስጋናው ሰነፉ» ብላ ጻፈች። ሺቶቹን አንድ በአንድ ስታሳየኝ በቀብሩም በድንኳኑም በምግቡም ሰነፉ ሆኛለሁ።

«ስፌት ነው እኮ ይሄ» አልኳት። «ክሩ በውስጥ በኩል የሄደ ስፌት።»

«እሱን ነው የምልህ» አለች። ሰነፉ የምትለዋን ግን እስከ ማታ ሳታጠፋልኝ ዋለች።

ስሙ ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ ከላይ እስከ ታች አየሁትና የእሷ የለም። «አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ አባወራ ነኝ እንዴ? ተከራይ ነኝ። የወንድሜ ስም ውጫሌ ቅሬ ውስጥ አለ፤ እኔ በእሱ ስር ነኝ።»

«ነገ አንድ ነገር ብትሆኚ ከውጫሌ እስኪመጡልሽ ቁጭ ብለን ልናይሽ ነው?»

«ግቢ ካሉኝ እገባለሁ። ራሴን በገዛ እጄ ልጻፍ? ሰው ምን ይለኛል? ኮምፒውተሩ በእጇ ስለሆነ ገባች አይለኝም?»

«እኔ ለሐጂ እነግራቸዋለሁ።»

«እንዳትነግር። ሳይሉኝ አስታውሰህልኝ የምገባበትን እኔ አልፈልገውም። በግሸን ማርያም ማልልኝ።»

ሙስሊም ሆና በግሸን ታስምለኛለች። ምን እንደሚይዘኝ ታውቃለችና ማልኩላት።

ነገሩ ለእሷ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የቅሬያችን ለፋፊ ኑርሁሴን ነው። ተራህ ሲደርስ ጎሕ ሲቀድ መጥቶ በርህ ላይ ይቆምና በስምህና በአባትህ ስም ይጠራሃል፣ ሥራህን ይነግርሃል። አንድ ቀን ወረቀት እየቆረጠች ሳለ፣ «ኑርሁሴን አንድ ቀን በሬ ላይ ቆሞ ቢጠራኝ» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ። እኔ ሲጠራኝ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የለሁም ማለት ነው የሚያምረኝ። ልቀልድባት ከፈለግሁ በኋላ ተውኩት።

ሐጂን ተቀየምኳቸው። ይህቺ ልጅ በሌለችበት ለቅሶ ቤት እሳት ነድዶ አያውቅም፤ ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች፣ ሳህን አጥባ ከሁሉ ኋላ ትወጣለች፤ እንዴት ግቢ አይሏትም? አስምላኛለችና ልናገራቸው አልችልም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ሱሪያቸውን ለስፌት ሲሰጡኝ ከሰው ሁሉ ኋላ ማድረስ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ዘገየህ እንኳ አይሉም፣ ጨዋ ናቸው፣ ይኸው ያናድደኛል።

በማግሥቱ ዓመት ባድሩ የሚባል ጎረቤታችን ልጁን ሊድር ሲል ጉድ ፈላ። መነሻው አያሌው ነው። አያሌው ከሰዓዳ ቀጥሎ ያለው ቤት ባለቤት፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ፊደል ወዳድ ሰው ነው። «ስሜን በዝርዝሩ ስፈልግ ዓይኔ ጠፋ፤ በሀሁ ተራ አድርጊው» አላት። ሰዓዳም የአባወራውን ሺት በአንድ ጊዜ በሀሁ ደረደረችው፤ ተስተካከለ ብላ የሠርጉን ሺት ሳታየው አትማ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ወረቀቱ ምን ይል ነበር መሰላችሁ? ሐጂ ዘይኑልአቢዲን፣ ጠላ መጥመቅ። አያሌው፣ የሙስሊሙን በሬ ማረድ። ምስጋናው፣ ከሴቶቹ ጋር ውሃ መቅዳት።

በእኛ ሠርግ ለሙስሊሙ ሙስሊም ያርዳል፣ ለክርስቲያኑ ክርስቲያን ያርዳል፤ ጠላውም በክርስቲያን ቤት ተጠምቆ ክርስቲያኑ ዘንድ ይቀርባል። ይህን የማያውቅ የለም። ግን ማንም አፉን አልከፈተም። ቅሬ ያዘዘውን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ጊዜው ደግሞ ሰው በየቀኑ አዲስ ነገር የሚሰማበት ነበር። አያሌው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «ይሄ መደመር የሚሉት ነገር እኛም ጋ ደረሰ ማለት ነው» ብሎ ሄደ። ሐጂ በበኩላቸው ዳኛው በተራው ካጉረመረመ ማን ይታዘዛል ብለው ዋጡት።

አመሻሹ ላይ ሱቄን ልዘጋ ስል ሐጂ ከታች በኩል መጡ፤ ጋቢያቸው ስር የሆነ ነገር አብጦ ይታያል። ከላይ በኩል አያሌው ይመጣል፣ እሱም በብብቱ የሸጎጠው ነገር አለ። እኔ በር ላይ ተገጣጠሙ።

«ወዴት ነው ሐጂ?»

«ወደ አንተው ነበር። አንተስ?»

«እኔም ወደ እርስዎ።»

ሐጂ ግራና ቀኝ አዩና ከጋቢያቸው ስር አንድ እስር ጌሾ አወጡ። «ይህን ለጸዳለ ስጥልኝ። ተራዬ ጠላ ሆኗል። በእኔ ስም ሚስትህ ትጥመቅልኝ፣ እንጨቱን እኔ አቀርባለሁ።»

አያሌው ከብብቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ መዘዘ። «ይህን ደግሞ እርስዎ ይያዙልኝ። የእናንተን በሬ እረድ ተብያለሁ። ቢስሚላህ ማለት አያቅተኝም፤ የሚበላልኝ ነው የማላገኘው።»

ተያዩና ሳቃቸውን ለቀቁት። ሐጂ ግንቡን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ለሰዓዳ ግን እንዳትደነግጥ ብለው አልነገሯትም። ሠርጉም እንደ ወጉ ሆነ፤ በሬው በሐጂ እጅ በአያሌው ስም ታረደ፣ ጠላው በጸዳለ እጅ በሐጂ ስም ተጠመቀ። በእኔ ስም ውሃ የሚቀዳ ግን አልተገኘም። ጀሪካን ተሸክሜ ከሴቶቹ ኋላ ስከተል ጸዳለ፣ «ጋሽ ምስጋናው፣ ምነው ለራስህ ቀሚስ አልሰፋህም?» አለች፤ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልተዉልኝም።

ሰዓዳ ያን ጀሪካን ጀርባዬ ላይ አይታ ነው ነገሩ የገባት። ሮጣ ሱቅ ሄዳ ከፍታ አየችና ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች። «ሐጂ፣ አዋረድኳችሁ» ብላ አለቀሰች።

«ምኑን ነው ያዋረድሽን? በሬው ታርዷል፣ ጠላውም ተጠጥቷል። አብሽሪ ልጄ፣ ብዪ ይልቅ ብዪ» አሉና ሳህን አቀረቡላት።

በማግሥቱ ነገሩን አስረዳችኝ። «ክሩን ሰዉ ላይ ያሰርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ያሰርኩት ወንበሩ ላይ ነው። ሰዎቹ ወንበር ሲቀያየሩ ክሩ ማንም ይቀመጥ ማን የተቀመጠውን ይጠራል። ሥራው ደግሞ በእጄ የጻፍኩት ስለሆነ ባለበት ቀረ።»

«አዲስ ሰው በመሀል የገባ ዕለትም እንደዚሁ ልንገለባበጥ ነዋ?»

«አይ፣ እሱ ሌላ ነው። በመሀል አዲስ ወንበር ሲገባ ሁሉም ከነወንበሩ ፈቀቅ ይላል፤ ክሩም አብሮት ይሄዳል። የሚያበላሸው መቀያየር ነው፣ መጠጋጋት ምንም አያደርግም።» ስሞቹን ወደ ቤቶቹ አቀማመጥ መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ አያሌው ስለ ሀሁ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«እንግዲያ የራስሽን ወንበር አስገቢያ» አልኳት።

«ካሉኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

እንዲህ እየተሳሳቅን ዓመታት ሄዱ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ክረምት ከሰሜን የሚፈናቀለው ሰው በከተማችን ሲያልፍ ቅሬው በየቀኑ ንፍሮና ዳቦ ያቀርብ ነበር፤ የሚያቀርበውን ሰው ተራ የምታወጣው ሰዓዳ ነበረች። በ2014 ጥቅምት ላይ ደግሞ የመሄዱ ተራ ለእኛ ደረሰ። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ በእግር አይኬድም። የቅሬውን ሥራ በትንሿ ፍላሽ ገልብጣ ይዛልኝ መጣች።

«ቀሚሴ ጠርዝ ላይ ስፋልኝ።»

«ዳቦ ብትይዢ አይሻልሽም?» ብዬ ተነጫነጭኩ። ግን ሰፋሁላት፤ ድርብ ስፌት።

በእግር ደሴ ገባን፤ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አስጠለሉን። ሰፈርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ ባል ሚስቱን፣ እናት ልጆቿን ይፈልጋል። ሰዓዳ ከከተማው ኮምፒውተር የሚያውሷት አንዲት ጽሕፈት ቤት ፈልጋ ያገኘችው በዚያው ሳምንት ነው። ጠርዟን ተርትሬ ፍላሹን አወጣሁላት። በፋይሉ ላይ «የት» የምትል አዲስ ሺት ከፈተችና የአባወራዎቹን ስም በክሩ ስባ አመጣችው፤ በስሙ አጠገብ ያለበትን ቦታ ከሰው ሰው እየጠየቀች ትሞላለች። ሐጂ ኮምቦልቻ፣ አያሌውና ጸዳለ ሸዋሮቢት። ሲደወልላት ወዲያው ትናገራለች። ስንቱ ሰው በእሷ በኩል ተገናኘ። እኔ ግን ያን ሺት ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ፤ ሁሉም የት እንዳለ ተጽፎ እሷ የትም የለችም።

የደብረ ብርሃን ብርድ ምሕረት አያውቅም። ትኩሳት ያዛትና ምንጣፍ ላይ ተኛች። ውሃ ላጠጣት ቀና ሳደርጋት፣ «ጋሼ፣ እዚህ ብሞት የየትኛው ቅሬ ሰው ነው የሚቀብረኝ?» አለችኝ።

«አትሞቺም። መቃብር ቆፍር ሊሉኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ወገቤን ያመኛል» አልኳት። ትንሽ ፈገግ አለች። ወደ ውጭ ወጣሁና ግንቡ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ። መሐላዬን የማፍረስ ሐሳብ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ግሸን ማርያም ይህን አይታ ካልፈቀደችልኝ መቼም አትፈቅድልኝም አልኩ።

ደግነቱ ዳነች። ታኅሣሥ ላይ አገራችን ተመለስን። ሱቁ በሩ ተገንጥሏል፣ በእሷ በኩል ከኮምፔርሳቶው በቀር የቀረ ነገር የለም። የእኔን መኪና ከብዳቸው መሰለኝ አንድ እግሯን ሰብረው ጥለዋት ነበር። ሰዓዳ በእሷ በኩል ያለውን ባዶ ወለል አየች፣ ተጋድማ የቀረችውን መኪናዬን አየች።

«አላልኩህም? ያንተ ትሻላለች» አለች። እዚያ ፍርስራሽ መሀል ቆመን ሳቅን።

ጥር ላይ ወንድሟ ከውጫሌ ያገለገለ ላፕቶፕ ላከላት። ሐጂም ቅሬው እንደገና ይቋቋም ብለው ሰውን በዋርካው ስር ሰበሰቡ። የእኔን የመቁረጫ ጠረጴዛ አውጥተን ላፕቶፑን እሱ ላይ አስቀመጥን። ሐጂ ከሰዓዳ ትከሻ በላይ አጎንብሰው ስም ይጠራሉ፤ ያለው «አለሁ» ይላል። አንዱ «አለሁ» ባለ ቁጥር ሰዉ «አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» ይላል።

«ኡስማን» አሉ ሐጂ፤ አፋቸው ለምዶ ነው። ኡስማን መቃብር ሲቆፈር ልኩን የሚያሰምርልን ሽማግሌ ነበር። በስደቱ ኮምቦልቻ ላይ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል።

«እንግዲህ የእሱ ረድፍ ይሰረዝ» አለ አያሌው።

«አይሰረዝም ጋሽ አያሌው» አለች ሰዓዳ። «ረድፉን ካጠፋሁት እሱ ያለበት ሺት ሁሉ ስህተት ነው ይለኛል። ይኸው።» አንድ ጊዜ ሰረዘችና አሳየችን፤ በስሙ ቦታ አጥር የመሰለ ምልክትና ሦስት የፈረንጅ ፊደል መጣ። ቶሎ ብላ መለሰችው።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኡስማን ስህተት አይባልም። ረድፉ ይቀመጥ። ሚስቱ ሐቢባ ትግባበት።»

«አባወራ በሚለው ላይ ሴት ልትጻፍ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ባሏ ሲሞት ቤቱ አብሮ ሞተ ወይ? እማወራ ናት። ጻፊ ልጄ።»

ሰዓዳ የኡስማንን ስም አንስታ ሐቢባ ብላ ጻፈች፤ በየሺቱ ሁሉ ሐቢባ ሆነ። ሐቢባ ከሴቶቹ መሀል ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «አለሁ» አለች። እኔ ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም።

«ሐጂ፣ እማወራ ከተጻፈ የቀረች አንዲት አለች።»

ሰዓዳ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ግሸንን አስታወሰኝ፤ እኔ ግን ጀምሬዋለሁ።

«ማን ናት?»

«ይህቺው የምትጽፈው።»

«ሰዓዳ?» አሉ ሐጂ። «ሰዓዳማ አለች እንጂ። መጀመሪያ የተጻፈች እሷ አይደለችም?»

«የለችም ሐጂ። አንድም ቀን ኖራ አታውቅም።»

ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ሰዉ ዞሩ። አያሌው ግራ ገብቶት፣ «እኔ እኮ ከእኔ በላይ ያለች ይመስለኝ ነበር» አለ። ለካ ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ የሚፈልገው የራሱን ስም ብቻ ነው። ስቀየማቸው የኖርኩት ሐጂም እንደ ማንም ሰው አለች ብለው ነው የተቀመጡት።

«ኑርሁሴን፣ አንተ ጠርተሃት አታውቅም?»

«እሷን? እኔ በሯ ጋ ስደርስ ወጥታ ነው የማገኛት ሐጂ። ወረቀቱን የምታወጣው እሷ፤ ቀድማ ታውቃለች። ምን ብዬ ልጥራት?»

«ልጄ፣ ለምን አልተጻፍሽም?» አሉ ሐጂ።

«አልተባልኩማ ሐጂ» አለች፤ አንገቷን ደፍታ፣ ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ እንዳሉ።

እኔ ሐጂን አርባ ዓመት ገደማ አውቃቸዋለሁ፣ ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። «በቤታችን ተቀምጣ እያየናት ግቢ ማለት ትዝ ሳይለን ቀረ። አውፍ በዪን፣ ይቅር በዪን። ጻፊ አሁን።»

«ከታች ባዶ ረድፍ አለ፣ እዚያ ልግባ።»

«ቤትሽ የት ነው?»

«ከጋሽ ምስጋናው ቀጥሎ።»

«እንግዲያ ከምስጋናው ቀጥሎ።»

«ልጄ አደራ» አለ አያሌው፣ የእሱ ረድፍ ከእኔ በታች ነውና። «እንደዚያ ጊዜ በሬ እንዳልታዘዝ።»

«እኔም ውሃ አልቀዳም» አልኩ። ዋርካው ስር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰዓዳም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች። ከእኔ ስም ስር አዲስ ረድፍ ከፈተች። አያሌውና ከእሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ረድፍ ወረደ። ሌሎቹን ሺቶች በየተራ አሳየችን። ሐጂ ከቢላዋቸው ጋር፣ አያሌው ከራሱ ቢላዋ ጋር፣ እኔ ከድንኳኔ ጋር፣ ሐቢባም በቦታዋ። ከሥራው የተፋታ ሰው አልነበረም።

በአዲሱ ረድፍ ላይ «ሰዓዳ ይመር» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ ሠርጉ ሺት ሄዳ የእኩል ምልክቱን መታች፣ ተመልሳ ስሟን ነካች። እዚያ ላይ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው።

«ኢንተሩን አንተ ምታልኝ ጋሼ።»

መታሁት። ስሟ ወጣ።

ሰዉ ሲበተን ላፕቶፑን እየዘጋች፣ «ግሸንን ምን ልትላት ነው?» አለችኝ።

«መስከረም ላይ ወጥቼ ራሴ አስረዳታለሁ።»

«እንግዲያ ለእኔም ጠበሉን ይዘህልኝ ና» አለች።

የካቲት ላይ ባድሩ ሁለተኛ ልጁን ዳረ። ከጦርነቱ በኋላ በሰፈራችን የመጀመሪያው ሠርግ ነበር። የእኔና የሰዓዳ ቤት ከሱቁ ጀርባ ጎን ለጎን ስለሆነ ጎሕ ሲቀድ የኑርሁሴንን ኮቴ ሰማሁ። የእኔን በር አልፎ ሄደ፤ እሷ በር ላይ ቆመ።

«ሰዓዳ ይመር። ለባድሩ ሠርግ ውሃ መቅዳት።»

መልስ የለም። ወረቀቱን ያተመችው እሷ ናት፣ እንደምትጠራ ታውቃለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄኔ ጀሪካኗን ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ኑርሁሴን ደገመው፤ አሁንም ዝም። አሟት ይሆናል ብዬ ደንግጬ በባዶ እግሬ ወጣሁ። በመስኮቷ ብርሃን ይታያል፤ ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ሰዓዳ፣ ምነው አትመልሽለትም? እየጠራሽ ነው እኮ።»

«ዝም በል ጋሼ» አለች ከውስጥ። «ይጥራኝ።»

ኑርሁሴን ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ በስሟና በአባቷ ስም እንደገና ጠራት።

«አቤት» አለች ሰዓዳ፤ በሩን ከፈተች።